የቴሃኖ ንግሥት ሰሌና ኪንታኒያ

ሚሊዮኖች በስፓኒሽ ስትዘፍን የሚያውቋት ሰሌና ኪንታኒያ አፏን የፈታችው በእንግሊዝኛ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 16 ቀን 1971 በቴክሳስ ግዛት ሌክ ጃክሰን በተባለች ከተማ ከሜክሲኮ አሜሪካውያን ቤተሰብ ተወለደች። አባቷ አብርሃም በወጣትነታቸው «ሎስ ዲኖስ» በተባለ ቡድን ውስጥ ይዘፍኑ ነበር። የልጃቸውን ድምፅ ሲሰሙ ወንድሟን ኤ.ቢ.ን በቤዝ ጊታር፣ እህቷን ሱዜትን በድራም አሠልጥነው የቤተሰብ ባንድ አቋቋሙ። የስፓኒሹንም ግጥም ቃል በቃል አስጠኗት። ልጅቷ ቋንቋውን ሳታውቀው ድምፁን በጆሮዋ ይዛ ዘፈነችው፤ መናገሩን የተማረችው ቆይታ ነው።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ የቤተሰቡ ምግብ ቤት ሲከስር መኖሪያ ቤታቸውንም አጡና ኮርፐስ ክሪስቲ ገቡ። ከዚያ ወዲህ እንጀራቸው ሙዚቃ ሆነ። በአሮጌ አውቶቡስ ከከተማ ከተማ እየዞሩ በሰርግና በየበዓሉ ይጫወቱ ነበር።

ቴሃኖ የቴክሳስ ሜክሲኮአውያን ሙዚቃ ነው። የጀርመንና የቼክ ሰፋሪዎች ይዘውት የመጡት አኮርዲዮንና ፖልካ የተባለው የአውሮፓ ጭፈራ ምት ከሜክሲኮ ዜማ ጋር ተዋሕዶ የፈጠረው ሲሆን፣ መድረኩን ለረጅም ጊዜ የያዙት ወንዶች ነበሩ። ሰሌና በ1989 ኢ.ኤም.አይ. ላቲን ከተባለ የሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያ ጋር ተፈራረመች። በ1992 የባንዱን ጊታር ተጫዋች ክሪስ ፔሬዝን አገባች። በ1994 ግራሚ የተባለውን የአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት ተቀበለች፤ «አሞር ፕሮሂቢዶ» የተባለው አልበሟም በዚያው ዓመት ወጣ።

የችሎታዋን ልክ ማየት የሚሻ ሰው ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1995 በሂውስተን አስትሮዶም በተባለው ጣሪያ ያለው ስታዲየም ያቀረበችውን ዝግጅት ይመልከት። ከ60,000 በላይ ሕዝብ ፊት የሚያብለጨልጭ ሐምራዊ ልብስ ለብሳ ወጣች። «ኮሞ ላ ፍሎር»ን፣ ማለትም «እንደ አበባ»ን፣ ስትጀምር ዜማውን ታዘገየዋለች። ቃላቱን እየጎተተች፣ ክንዷን ከፍ አድርጋ እጇን በቀስታ ታዞራለች። አዳራሹ ሲጮኽ ዝም ብላ ትጠብቀዋለች፤ ድራሙ ሲገባ ያ ሁሉ ሕዝብ አብሯት ይነሣል።

ከአምስት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ ማርች 31 ቀን፣ የአድናቂዎቿ ማኅበር መሪና የልብስ መደብሮቿ ሥራ አስኪያጅ የነበረችው ዮላንዳ ሳልዲቫር በኮርፐስ ክሪስቲ በአንድ ሞቴል ውስጥ በጥይት ገደለቻት። የጠቡ መነሻ ቤተሰቡ ዮላንዳ አጉድላዋለች ያለው ገንዘብ ነበር። ገዳይዋ ዕድሜ ልክ ተፈረደባት፤ በ2025 ያቀረበችው የአመክሮ ጥያቄም ውድቅ ሆኗል። ሰሌና ስትሞት 24 ዓመት ሊሞላት የቀሯት 16 ቀናት ብቻ ነበሩ።

ቴክሳስ የልደቷን ዕለት የሰሌና ቀን ብሎ ሰየመ። ኮርፐስ ክሪስቲ በባሕሩ ዳር የነሐስ ሐውልት አቆመችላት። በ2017 በሆሊውድ የዝነኞች ጎዳና ላይ ኮከብ ተቀመጠላት፤ በ2021 ደግሞ የግራሚ የሕይወት ዘመን ሽልማት ተሰጣት።

ስትገደል በእጇ ላይ የነበረው ሥራ የመጀመሪያ የእንግሊዝኛ አልበሟ ነበር። በጁላይ 1995 «ድሪሚንግ ኦፍ ዩ» በሚል ርእስ ወጥቶ ቢልቦርድ በተባለው የአሜሪካ የአልበሞች ደረጃ ሰንጠረዥ በአንደኛነት ገባ። በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ቀርጻ የጨረሰቻቸው ዘፈኖች አልበም ለመሙላት አልበቁም ነበርና የጎደለውን ቦታ የሞሉት በዚያ በጆሮዋ ባጠናችው ስፓኒሽ የዘፈነቻቸው ዘፈኖች ናቸው።