«ኦቨርቲንክ አታድርጊ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

አራት ኪሎ አካባቢ ካፌ ቁጭ ብላችሁ ጆሯችሁን ጣል ብታደርጉ ይቺን ቃል ሳትሰሙ አትነሱም። በቀደም ከጎኔ ሁለት ጓደኛሞች ማኪያቷቸውን ረስተው አንድ ስልክ ላይ አፍጥጠዋል። አንደኛዋ ለፍቅረኛዋ ረዘም ያለ መልእክት ልካለት የመጣላት መልስ «እሺ።» ብቻ ነው።

«አየሽ? አራት ነጥብ አድርጎበታል።»

«እና?»

«እሱ እኮ አራት ነጥብ አድርጎ አያውቅም። ተናዷል ማለት ነው።»

ጓደኛዋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችውና «ኧረ ባክሽ ኦቨርቲንክ አታድርጊ» አለቻት።

ቃሉ እንግሊዝኛ ነው፤ አካሄዱ ግን የአራዳ። የእንግሊዝኛ ግስ ስንዋስ «ማድረግ»ን እናስከትልበታለን፤ «ሚስ አደረግኩህ»፣ «ቼክ አድርግልኝ» እንደምንለው። በእንግሊዝኛ ግን «ኦቨርቲንክ» ብቻውን የቆመ ግስ ነው። «ቲንክ» ማሰብ ነው። «ኦቨር» ከልክ ማለፍን ይጨምርበታል፤ ኦቨርታይም ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይሄን ማንም ሊያስረዳው አይገባም። ኃላፊ ጊዜው «ኦቨርቶት»፣ ልማድ የሆነበት ሰው ደግሞ «ኦቨርቲንከር» ነው።

ብዙዎች «ብዙ ማሰብ» ብለው ይፈቱታል። አይበቃም። አንድ ሐኪም ከባድ ቀዶ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ሌሊቱን ሙሉ ቢያስብ ማንም ኦቨርቲንክ አደረገ አይለውም። ቃሉ ወቀሳ አለበት። ሐሳቡ ወደ ውሳኔ መውሰዱን ካቆመ በኋላም ሰውየው አለማቆሙን ነው የሚናገረው። ለዚህ ማስረጃው እዚያው እንግሊዝኛው ውስጥ አለ። ሁለቱን ክፍሎች ገልብጧቸውና «ቲንክ ኢት ኦቨር» በሉ። አሁን ምክር ሆነ፤ ረጋ ብለህ አስብበት፣ አብላላው ማለት ነው። ሥራ ሊቀጥርህ የፈለገ ሰው «ቲንክ ኢት ኦቨር» ካለህ ጊዜ እየሰጠህ ነው። «ኦቨርቲንክ አደረግከው» ካለህ ግን አሰልችተኸዋል።

ለመጀመሪያው እኛም «አስር ጊዜ ለክተህ አንዴ ቁረጥ» እንላለን። ይህን አባባል የሚጠቅሱ ሰዎች አስሩን አጥብቀው ይይዙና አንዴዋን ይረሷታል። ልኬቱ የተፈለገው እኮ ለመቁረጥ ነው። ኦቨርቲንከር ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ አስራ አንደኛውን የሚለካ ሰው ነው፤ ጨርቁ እንዳለ አለ።

ለሁለተኛው ደግሞ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይስማማዋል። ቤቱ እህል እያለ ለብድር የሚሄድ ሰው ያልነበረበትን ዕዳ ተሸክሞ ይመለሳል። ከአራት ነጥብ ውስጥ ጠብ የምታነብ ልጅም የምታደርገው ይሄንኑ ነው።

ቃሉ አዲስ ይምሰል እንጂ በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛም ነበረ። ያኔ ትርጉሙ ሌላ ነበር፤ መጸጸት፣ ቅር መሰኘት። አነጋገሩም «እኔ» ብሎ አይጀምርም። የሚያስከፋው ነገር አድራጊ ይሆንና ሰውየው ተቀባይ ሆኖ ይቀመጣል። ለዛሬ እንግሊዛዊ ይሄ እንግዳ ነገር ነው። እኛ ግን ቀኑን ሙሉ የምናወራው እንደዚያ ነው፤ ይቆጨኛል፣ ይከፋኛል፣ ያሳስበኛል።

እንዲያውም አማርኛ ማሰብንና መጨነቅን ብዙም አይለያያቸውም። እናት ደውላ «አታስብ ልጄ» ካለች አትጨነቅ ማለቷ ነው። «ሐሳብ ገብቶታል» ሲባልም «ምን ዓይነት ሐሳብ መጣለት?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ለኦቨርቲንክ የእኛ ቃል ይፈለግ ከተባለ እኔ «መብሰልሰል»ን እመርጣለሁ። ወጣቱ «አታካብድ» የሚለውም ይቀራረባል፤ ግን ማካበድ ወደ ውጭ ነው፣ ሰፈር ይሰማዋል። የሚብሰለሰል ሰው ድምፅ የለውም። ከሜክሲኮ ፒያሳ ታክሲ ውስጥ መስኮት ጥግ ተቀምጦ ከአለቃው ጋር ሙሉ ክርክር ያካሂዳል፤ የአለቃውንም መልስ ራሱ ይመልሳል፤ ተሸንፎ ይወርዳል።

የሥነ ልቦና ሰዎች ይህን «ሩሚኔሽን» ይሉታል። ቃሉ የላቲን ነው፤ መነሻው የከብት ማመስኳት ነው። በዚህ ጉዳይ ስሟ በብዛት የሚነሳው አሜሪካዊቷ ሱዛን ኖለን ሆክሴማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1989 ካሊፎርኒያ ላይ የሎማ ፕሪዬታ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ፣ እሷ ከ14 ቀን በፊት የስታንፎርድ ተማሪዎችን ስለ ስሜታቸው መጠይቅ አስሞልታ ነበር። አጋጣሚው የሚገርም ነው። ከአደጋው 10 ቀን በኋላ፣ ቀጥሎም በ7ኛው ሳምንት መልሳ ጠየቀቻቸው። ቀድሞውኑ ሲከፋቸው የመብሰልሰል ልማድ የነበራቸው የበለጠ የድብርት ምልክት ታየባቸው። መሬቱ የተንቀጠቀጠው ለሁሉም ነበር።

በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ፎቅ ላይ የምንኖር ሰዎች ይህን በራሳችን አይተነዋል። አንዱ ሌሊት ነቅቶ፣ «እግዜር ይጠብቀን» ብሎ፣ ገልበጥ ብሎ ተኛ። ሌላው ነውጡ ካለፈ በኋላም አምፖሉ ይወዛወዝ እንደሆነ ሲያይ ያድር ነበር። በነገራችን ላይ መውጫውን ማወቅና ከባድ ዕቃን ከመደርደሪያ ላይ ማውረድ ኦቨርቲንክ አይደለም፤ ጥንቃቄ ነው። አምፖል ሲያዩ ማደር ግን አንድ ዕቃ እንኳ አያወርድም።

አጠቃቀሙ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ቃሉ በእኩዮች መካከል፣ ለቀላል ነገር ያምራል፤ ለአራት ነጥብ፣ ለዘገየ መልስ፣ ለነገ ቃለ መጠይቅ ልብስ። ለትልቅ ሰው አይሆንም፤ ለእሳቸው «አይጨነቁ» ይበቃል። ከሁሉም የሚከፋው እውነተኛ ችግር ላለበት ሰው ሲወረወር ነው። አከራይ በወር ውስጥ ልቀቅ ያለችው ሰው ቢብሰለሰል ምን ይደንቃል? እሱን «ኦቨርቲንክ አታድርግ» ማለት ችግርህ የለም ማለት ነው። እሱን «አይዞህ» ብሎ ደላላ አብሮት መፈለግ ነው።