«እስከ» ሁሉ «አንቲል» አይደለም

«ሪፖርቱን እስከ ዓርብ ላክልኝ» ለማለት በእንግሊዝኛ «ሴንድ ሚ ዘ ሪፖርት አንቲል ፍራይደይ» ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው። እንግሊዝኛው የሚለው ግን ሌላ ነው፦ ዓርብ እስኪደርስ ያንኑ ሪፖርት ስትልክልኝ ሰንብት፣ ዓርብ ሲሆን አቁም። ተቀባዩ ነገሩን ገምቶ ስለሚረዳው ማንም አያርመውም፤ ሳይታረም ስለሚኖርም ትክክል ይመስላል።

«አንቲል ማለት እስከ ማለት ነው፣ አለቀ» የሚለው እምነት ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ለማረም ያስቸግራል። አማርኛው «እስከ» ሁለት ሥራ ደርቦ ይሠራል፣ እንግሊዝኛው ሥራውን ለሁለት ቃል ያካፍላል። «አንቲል» እስከተባለው ሰዓት ሳይቋረጥ ለሚዘልቅ ነገር ነው፤ መጠበቅ፣ መቆየት፣ መተኛት፣ ክፍት መሆን። «ባይ» ደግሞ አንድ ጊዜ ተፈጽሞ ለሚያበቃ ነገር የመጨረሻውን ገደብ ያስቀምጣል፤ ማስገባት፣ መክፈል፣ መመለስ፣ መድረስ፣ መጨረስ። ገደቡ ዓርብ ከሆነ ሰኞም ማክሰኞም ቢፈጸም ግድ የለም።

ሲያጠራጥር በአማርኛው ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ሳያቋርጥ» የሚል ቃል ክተቱበት። «እስከ ዓርብ ሳላቋርጥ እሠራለሁ» ያስኬዳል፤ ስለዚህ «አንቲል»። «ክፍያውን እስከ ዓርብ ሳታቋርጥ ፈጽም» ያስቃል፤ ስለዚህ «ባይ»። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ይበልጥ ይታያሉ፦ «ዩ ካን ኪፕ ዘ ቡክ አንቲል ፍራይደይ» ማለት መጽሐፉ እስከ ዓርብ አንተ ዘንድ ይቆይ ሲሆን፣ «ሪተርን ዘ ቡክ ባይ ፍራይደይ» ማለት ደግሞ ዓርብ ሳያልፍ መልስ ነው። ያው መጽሐፍ፣ ያው ዓርብ፤ የተለወጠው ግሡ ነው። አንዳንድ ግሥ ደግሞ ሁለቱንም ይቀበልና ትርጉም ይለውጣል። «አይ ዊል ሪድ ኢት አንቲል ፍራይደይ» ያለ ሰው እስከ ዓርብ ሲያነብ ይሰነብታል፣ መጨረሱን ግን አልነገረንም። በ«ባይ» ቢለው እስከዚያ አንብቦ ሊጨርስ ቃል ገብቷል። ቀጠሮ የምትይዙት በዚህ ልዩነት ላይ ከሆነ ጉዳዩ የሰዋስው ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ ጎበዝ ተማሪ ይጠይቃል፦ «መምጣት አንድ ጊዜ የሚፈጸም ነገር ከሆነ ‹ሂ ዊል ኖት ካም አንቲል ፍራይደይ› እንዴት ትክክል ሆነ?» መልሱ «ኖት» ውስጥ ነው። መምጣት በቅጽበት ያበቃል፤ አለመምጣት ግን ቀናት ይዘልቃል፣ «አንቲል»ም የሚይዘው ያንን ነው። ሰውየው የሚመጣው ዓርብ ነው ማለት ነው። «ሂ ዲድ ኖት አራይቭ አንቲል ኤይት» ሲባልም በፈረንጅ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ላይ ደርሷል፤ «እስከ ስምንት አልደረሰም፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ አይታወቅም» ብሎ የሚረዳ በፈተና ላይ ነጥብ ይጥላል።

«አሉታዊውን ‹አል› ባልንበት ሁሉ እንግሊዝኛው ‹ኖት› ይጨምራል» የሚለውም ብዙ ጥፋት ያደርሳል። «እስካልከፈለ ድረስ አይገባም» የሚለውን «ሂ ካን ኖት ኢንተር አንቲል ሂ ደዝ ኖት ፔይ» ብሎ ማዞር፣ መክፈሉን እስኪያቆም አይገባም እንደማለት ነው። ትክክሉ «አንቲል ሂ ፔይስ» ወይም «አንለስ ሂ ፔይስ» ነው፤ ሁለተኛው «ኖት» ይውጣ። ከዚሁ ጋር «እስከከፈልክ ድረስ ትቆያለህ» የሚለውን አስተውሉ፤ ይህ ሁኔታን እንጂ ማብቂያን ስለማይናገር «አዝ ሎንግ አዝ» እንጂ «አንቲል» አይደለም። «እስኪከፍል» እና «እስከከፈለ» በአማርኛም አንድ አይደሉም እኮ።

«ስለ ወደፊት ከተናገርን ‹ዊል› ግድ ነው»፦ አይደለም። «ዌይት አንቲል ሂ ካምስ» እንጂ «አንቲል ሂ ዊል ካም» አይባልም። ይህ ስህተት አማርኛ ተናጋሪ ላይ መታየቱ ይገርማል፤ እኛም «እስኪመጣ ጠብቅ» እንጂ «እስኪመጣል ጠብቅ» አንልም።

«እስካሁን» ሌላው ወጥመድ ነው። ደብዳቤ ያልደረሰው ሰው «አንቲል ናው አይ ሃቭ ኖት ሪሲቭድ ኢት» ብሎ ሲጽፍ፣ አንባቢው «አሁን ደረሰህ ማለት ነው?» ሊል ይችላል፤ «አንቲል ናው» የነበረው ነገር አሁን መለወጡን ይጠቁማልና። ካልደረሰህ «አይ ሃቭ ኖት ሪሲቭድ ኢት ዬት» በል። የተሠራውን ለመቁጠር ደግሞ «ሶ ፋር» አለ፤ «እስካሁን ሦስቱን ጨርሻለሁ» የሚባለው በሱ ነው።

ለቦታና ለብዛት «አንቲል» አይሠራም፦ እስከ ድልድዩ ለመሄድ «ቱ» ወይም «አዝ ፋር አዝ»፣ እስከ 20 ሰው ለማለት «አፕ ቱ»። ለድልድዩም «አንቲል»ን መጠቀም ከፈለጋችሁ መድረሱን ግሥ አድርጉት፤ «አንቲል ዩ ሪች ዘ ብሪጅ» ትክክል ነው።

«ቲል የአንቲል ምህጻረ ቃል ነው» የሚባለው ሐሰት ነው፤ እንዲያውም በዕድሜ የሚቀድመው «ቲል» ነው። «ቲል» በሁለት ኤል ይጻፋል፣ «አንቲል» በአንድ።

በመጨረሻ ውል ለሚጽፉ፦ «አንቲል ፍራይደይ» ዓርብን ይጨምር አይጨምር ቃሉ ብቻውን አይወስንም። «ባይ ፍራይደይ» በተለምዶ ዓርብን ይጨምራል፣ «ቢፎር ፍራይደይ» ያስወጣል። ገንዘብ ወይም ቅጣት ካለበት «አፕ ቱ ኤንድ ኢንክሉዲንግ ፍራይደይ» ብላችሁ ጻፉ፤ ከዚያም ቀኑን፣ ሰዓቱንና የየትኛው አገር ሰዓት እንደሆነ ጨምሩበት።