የሕንፃ መጠቀሚያ ፈቃድ በመሐል አዲስ አበባ

የመጠቀሚያ ፈቃድ አንድ ሕንፃ በጸደቀው ዲዛይን መሠረት መሠራቱንና ሰው ሊገለገልበት እንደሚችል የሚያረጋግጥ ሰነድ ነው። የግንባታ ፈቃድ ለመሥራት ነው፤ ይህኛው ግን ለመግባት። በአዲስ አበባ ጉዳዩን የሚይዘው የከተማው የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን ሲሆን፣ እንደ ሕንፃው ዓይነትና ከፍታ በዋናው መሥሪያ ቤት ወይም በክፍለ ከተማ ቅርንጫፍ ይታያል።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ በሦስት ምድብ ከፍሏል። ምድብ ሐ ሕዝብ የሚገለገልባቸውን፣ ፋብሪካና ወርክሾፖችን፣ እንዲሁም ከመሬት ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝሙትን ይይዛል። አንድ ወለል 3 ሜትር ቢሆን ጂ+4 ሕንፃ፣ ማለትም ምድሩና ከላዩ አራት ወለል፣ 15 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ በካዛንቺስ፣ በሜክሲኮ ወይም በሰንጋ ተራ ዋና መንገድ ዳር ዛሬ የሚቆም ሕንፃ አብዛኛውን ጊዜ ምድብ ሐ ነው፤ የመጠቀሚያ ፈቃድ ጥያቄም በዋናነት የሚነሳው በእነዚህ ላይ ነው።

ብዙ ባለቤቶች ፈቃዱን የሚያስቡት ቀለም ከተቀባ በኋላ ነው። ውጤቱ ግን በአብዛኛው የሚወሰነው ቀድሞ፣ በየደረጃው በሚደረገው ቁጥጥር ነው። ለመሠረት፣ ለግራውንድ ቢም (መሠረቱን የሚያያይዘው አግዳሚ) እና ለእያንዳንዱ ስላብ (የወለል ኮንክሪት) ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት ለተቆጣጣሪው ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ብረቱ ከተሸፈነ በኋላ ማን ቆጥሮ ያረጋግጣል? አማካሪው የፈረመባቸው የቁጥጥር ቅጾች፣ የብረት ምርመራ ውጤትና ጥንካሬያቸው እንዲለካ በ7 እና በ28 ቀን የተሰበሩ የኮንክሪት ኪዩብ ናሙናዎች ውጤት በፋይሉ ውስጥ መኖር አለባቸው። ሲ-25 በሚባለው የኮንክሪት ጥንካሬ ደረጃ በተነደፈ ኮለን (ምሰሶ) ላይ የ28 ቀኑ ውጤት ከጠፋ፣ ያለው አማራጭ ኮንክሪቱን በሽሚት ሀመር (ላዩን እየመታ ጥንካሬውን በሚገምት መሣሪያ) መፈተሽ ወይም ኮር፣ ማለትም ተቦርቡሮ የሚወጣ ናሙና፣ ማውጣት ነው። ሁለቱም ገንዘብና ጊዜ ይበላሉ፤ ኮር ደግሞ የተለሰነውን ግድግዳ ያበላሻል።

ሥራው ሲያልቅ ባለቤቱ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውን፣ የግንባታ ፈቃዱን፣ የጸደቀውን ፕላን፣ የአማካሪውንና የተቋራጩን የማጠናቀቂያ ማረጋገጫ እና የአዝቢልት ሥዕሎችን (ሕንፃው በተግባር እንደተሠራ የሚያሳዩትን) ይዞ ያመለክታል። ከዚያ ባለሙያዎች ፕላኑን ይዘው ሕንፃውን ይዞራሉ። ሜትር ዘርግተው መጀመሪያ የሚለኩት ሴትባኩን፣ ማለትም ከይዞታው ወሰን እስከ ሕንፃው ያለውን ርቀት ነው። በጠባብ የመሐል ከተማ ይዞታ ላይ በረንዳን 40 ሳንቲሜትር ወደ ውጭ መግፋት ለባለቤቱ ቀላል ይመስለዋል፤ ለማስተካከል ግን መቁረጥ ይጠይቃል። ጣሪያው ላይ ያለ ፈቃድ የተጨመረ ክፍልም ሌላው የተለመደ መሰናክል ነው። በሥራ መሐል የሚደረግ ለውጥ ሁሉ የማሻሻያ ፈቃድ ይፈልጋል፤ አዝቢልት ላይ ዝም ብሎ መሳል ሕጋዊ አያደርገውም።

ቤዝመንት የራሱ ጣጣ አለው። ፕላኑ ላይ ፓርኪንግ የተባለው ቦታ በብሎኬት ተከፍሎ መጋዘን ወይም ሱቅ ሆኖ ይገኛል። ክፍፍሉ እስካልፈረሰ ድረስ የሚፈለገው የመኪና ማቆሚያ ቁጥር ስለማይሟላ ፋይሉ ወደ ፊት አይሄድም።

አዋጁ በአንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖራቸው አዟል። ብዙ ጊዜ ራምፕ (ተዳፋት መውጫ) አለ፣ ግን ማንም በዊልቸር አይወጣውም። የተለመደው ልክ 1 ለ12፣ ማለትም ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው፤ የመግቢያው ወለል ከእግረኛ መንገዱ 60 ሳንቲሜትር ከፍ ካለ ራምፑ 7.2 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። ሦስት ደረጃ ላይ የተለጠፈች የሁለት ሜትር ሲሚንቶ ራምፕ አይደለችም።

በእሳት መከላከያ በኩል የሆዝ ሪል (የሚጠቀለል የእሳት ማጥፊያ ውሃ ቱቦ)፣ የማጥፊያ ሲሊንደር፣ የማንቂያ ደወልና የአደጋ ጊዜ ደረጃ ይታያሉ። ሌባ ፈርቶ የአደጋ መውጫውን በቁልፍ የቆለፈ ዘበኛ ሙሉ ሥርዓቱን ከንቱ ያደርገዋል። ብዙም የማይታሰብበት ሌላ ነገር አለ፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ለእሳት የተያዘው ውሃ ለመጸዳጃ ያልቃል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከአንዱ ታንከር የዕለት መጠቀሚያውን ቧንቧ ከፍ አድርጎ፣ የእሳቱን ከታች ማውጣት፤ ከላይኛው ቧንቧ በታች ያለውን ውሃ የእሳቱ መስመር ብቻ ይደርስበታል።

የፍሳሽ መስመርም ይጣራል። የዝናብ ውሃ ከመጸዳጃ ፍሳሽ ጋር ከተቀላቀለ ክረምት ላይ ማንሆሉ ይገነፍላል፤ ስለዚህ ሁለቱ ተለይተው መውጣት አለባቸው። ትራንስፎርመር የሚያስፈልገው ሕንፃ ቦታውን በዲዛይን ጊዜ ካላስቀመጠ ኋላ ግቢው ውስጥ የሚጠፋው የፓርኪንግ ቦታ ነው። ከ2016 ወዲህ በኮሪደር ልማት መንገዶች ዳር ላሉት ደግሞ የፊት ገጽታው ቀለምና መብራትም ጉዳይ ሆኗል።

ላዩ ገና ሳያልቅ ምድሩን ለባንክ ወይም ለካፌ ማከራየት ለሚፈልግ፣ ለተጠናቀቀው ክፍል ብቻ በከፊል ፈቃድ የሚጠየቅበት መንገድ አለ። ሁኔታው ግልጽ ነው፦ የደንበኛው መግቢያ ከግንባታው መግቢያ መለየት፣ ከላይ ለሚወድቅ ነገር መከለያ መኖር፣ ውሃ፣ መብራትና መውጫው ለዚያ ክፍል ራሱን ችሎ መሥራት አለበት።

ፈቃዱ የሚሰጠው ለተወሰነ አገልግሎት ነው። ቢሮ የነበረውን ወለል ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት ወይም መጋዘን ማድረግ የአገልግሎት ለውጥ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ክሊኒኩና ትምህርት ቤቱ ከየዘርፋቸው የሚወስዱት ፈቃድም ይህን አይተካም። ምክንያቱ ወረቀት ብቻ አይደለም። ለቢሮ በካሬ ሜትር 3 ኪሎኒውተን ገደማ (300 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት) ተይዞ የተሰላ ስላብ ላይ የጨርቅ ጥቅል ወይም የወረቀት ካርቶን እስከ ኮርኒስ ቢደረደር ጭነቱ እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ስለዚህ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት የስትራክቸር መሐንዲሱ ስሌቱን እንደ አዲስ መሥራት አለበት።