ሁለት ሆኖ ሌሊቱን በባሕር ላይ፦ ስለ ካታማራን የመጀመሪያ የሌሊት ጉዞ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቀን ወጥተው ቀን በሚመለሱ ጀማሪ ባልና ሚስት ፊት አንድ ወቅት ላይ ሌሊቱን ውቅያኖስ ላይ ማደር የሚጠይቅ ጉዞ ይደቀናል። ርቀቱ 120 የባሕር ማይል፣ ማለትም 222 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው እንበል። ጀልባቸው ካታማራን ናት፤ ውኃው ላይ የሚያርፉ ሁለት ትይዩ ቀፎዎች በሰፊ መድረክ የተያያዙባት ባለ ሸራ ጀልባ።

ስለዚህ ጉዞ የሚነገረው ብዙ ነው፤ አብዛኛውም በቅንነት የሚነገር ነው። ከፊሉ ግን ስሕተት ነው፣ ስሕተትነቱም የሚታወቀው ከመሸ በኋላ ነው። እኔ እንደማምነው የስሕተቶቹ ሥር አንድ ነው፦ ሁለት ሰው ተሳፈረ ማለት ሁለት ሰው ይሠራል ማለት አድርጎ መቁጠር። በሌሊት አንዱ ሲተኛ ሌላው ብቻውን ነው። ዕቅዱ ሁሉ መነሳት ያለበት ከዚህ ነው።

«የመጀመሪያው ሌሊታችን ስለሆነ ሁለታችንም ነቅተን እናድራለን»

ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ማንም የትዳር ጓደኛውን በጨለማ ብቻውን ትቶ መተኛት አይፈልግም። ውጤቱ ግን ሁለት የደከሙ ሰዎች ናቸው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የተነሳ ሰው ከምሽቱ 5 ሰዓት ሲሆን 17 ሰዓት ነቅቷል። በዚህ ደረጃ ላይ የሰው ንቃትና የምላሽ ፍጥነት በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ ጥናቶች አሳይተዋል። ሌሊቱ ደግሞ ገና አልተጋመሰም። የሰውነት ንቃት እጅግ ዝቅ የሚለው ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ያኔ ሁለቱም እኩል ከደከሙ የሚተካ የለም።

ስለዚህ ተራ ይያዝ። ለሁለት ሰው የሦስት ሦስት ሰዓት ተራ በደንብ ይሠራል፦ ከምሽቱ 1 እስከ 4፣ ከ4 እስከ 7፣ ከ7 እስከ 10፣ ከ10 እስከ ንጋት። የመጀመሪያውን ተራ የማይዘው ሰው እንቅልፍ ባይመጣለትም ጋደም ይበል፣ ዓይኑን ይጨፍን። ከጉዞው በፊት ከሰዓት በኋላ ላይ ሁለቱም ቢተኙ ደግሞ ትልቅ ስንቅ ነው።

ከተራው እኩል አስፈላጊው የመቀስቀስ ስምምነት ነው። ተረኛው መቼ እንደሚቀሰቅስ በቀን ብርሃን፣ በግልጽ ቃል ይወሰን፦ መርከብ ከሦስት የባሕር ማይል በታች ሲቀርብ፣ ነፋሱ ከተወሰነ ቁጥር ሲያልፍ፣ ከኮክፒት (መሪው ካለበት የመቀመጫ ቦታ) መውጣት የሚጠይቅ ሥራ ሲመጣ፣ ወይም ምክንያቱ ሳይታወቅ ልብ ሲጠራጠር። የመጨረሻው እንዲያውም ከሁሉም ይበልጣል። በመቀስቀሱ የሚያፍር ሰው ዘግይቶ ነው የሚቀሰቅሰው።

«ካታማራን ስለማትጋደም፣ ነፋስ ሲበዛ ቀስ ብለን ሸራውን እናሳጥራለን»

ይህ ከሁሉም አደገኛው ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልናገርበት።

ባለ አንድ ቀፎ ጀልባ ሸራው ሲበዛባት ትጋደማለች። ወለሉ ያዘነብላል፣ መሪው ይከብዳል፣ ዕቃ ይንሸራተታል፤ የተኛው ሰው ሳይቀር ይነቃል። ካታማራን ግን በስፋቷ ተደግፋ ነፋሱን ትቋቋማለች፤ ወለሏ ከሞላ ጎደል እንደተስተካከለ ይቆያል። ጫናው ታዲያ አልጠፋም፤ በምሰሶው፣ በገመዶቹና በሸራው ላይ ተከማችቷል፤ የጠፋው ማስጠንቀቂያው ነው። የካታማራን የመቋቋም አቅም ጫፍ የሚደርሰው በነፋሱ በኩል ያለው ቀፎ ከውኃው ሊለቅ ሲል፣ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ባዘነበለችበት ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ አቅሟ እየቀነሰ ይሄዳል። ከሥሯ የሚመልሳት ከባድ ክብደት ስለሌላት ከተገለበጠች ተገልብጣ ትንሳፈፋለች እንጂ አትቃናም። ለመዝናኛ ጉዞ በተሠሩ ከባድ ካታማራኖች ላይ ይህ የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው፤ ከመገልበጥ በፊት አብዛኛውን ጊዜ የሚቀደደው ሸራ ወይም የሚበጠሰው ዕቃ ነው። እንደዚያም ሆኖ ስሜት እዚህ ላይ አይታመንም። የሚታመነው ቁጥር ነው።

ነፋስ በሸራ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው። ነፋሱ ከ10 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ነው) ወደ 20 ቢወጣ ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። የጀልባዋ አምራች በየትኛው የነፋስ ፍጥነት ምን ያህል ሸራ እንደሚያዝ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ይሰጣል፤ ያንን ሰንጠረዥ መሪው አጠገብ መለጠፍ ይገባል። መርከበኞች በባለ አንድ ቀፎ ጀልባ ላይ ለአማካዩ ነፋስ፣ በካታማራን ላይ ግን ለድንገተኛው ግፊት ሸራ አሳጥሩ ይላሉ፤ ትክክል ናቸው። ትንበያው 18 ኖት ካለ አማካዩን ነው የተናገረው፤ ድንገተኛው ግፊት በቀላሉ 25 ሊደርስ ይችላል።

ሌላም ወጥመድ አለ። ነፋሱ ከኋላ ሲሆን ጀልባዋ ከነፋሱ ጋር ስለምትሸሽ በመድረኩ ላይ የሚሰማው ከእውነተኛው ያንሳል። 22 ኖት እየነፈሰ በ8 ኖት የምትሄድ ካታማራን ላይ የቆመ ሰው የሚሰማው 14 ነው፤ ሌሊቱ ያማረ ይመስለዋል። ሸራ ለማሳጠር በ4 ኖት ወደ ነፋሱ በዞረ ጊዜ ግን 26 ኖት ይመታዋል፤ ኃይሉ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኗል። ያውም በጨለማ፣ ምናልባትም ብቻውን።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ ጀምበር ከመጥለቋ በፊት ሁለቱም ነቅተው ሳሉ ሸራውን ማሳጠር፣ ነፋሱ ባይጠይቅም እንኳ። ኪሳራው በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ቢሆን በአሥራ ሁለት ሰዓት ውስጥ የሚታጣው 12 የባሕር ማይል ብቻ ነው። በዚህ ዋጋ የተኛው ሰው እንቅልፍ ይገዛል።

«ሰፊና ጠፍጣፋ ስለሆነች ሰው ከላይዋ አይወድቅም»

ጠፍጣፋ መሆኗ ሰውን ያዘናጋል። የሞገድ ምት በድንገት ስትመታ ካታማራን በአጭርና በሹል እንቅስቃሴ ትወረወራለች፤ ሁለት እጁን ለቆ የቆመ ሰው ደግሞ የሚይዘው ነገር ሩቅ ነው። በ7 ኖት የምትሄድ ጀልባ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከወደቀው ሰው ከ200 ሜትር በላይ ትርቃለች፤ በሞገድ መካከል ያለ የሰው ጭንቅላት በዚያ ርቀት በቀንም ቢሆን ለማየት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ጀልባዋን የያዘው አውቶፓይለት (ጀልባን በራሱ የሚመራ መሣሪያ) ከሆነ ሰው መውደቁን አያውቅም፤ መንገዱን ይቀጥላል። ተረኛው ተራውን በጀመረበት ደቂቃ ቢወድቅና የተኛው ከሦስት ሰዓት በኋላ ቢነቃ፣ በመካከላቸው 21 የባሕር ማይል አለ።

ከዚህ የሚነሱት ሕጎች ለክርክር የሚቀርቡ አይደሉም። ከመሸ በኋላ ብቻውን ያለ ሰው የሕይወት አድን ጃኬት ለብሶ፣ በማሰሪያ ገመድ ከጀልባዋ ጋር ተያይዞ ይቀመጣል። ገመዱ ሰውየውን ከወደቀ በኋላ የሚጎትት ሳይሆን ከመጀመሪያው ጠርዝ ላይ እንዳይደርስ የሚያደርግ አጭር ይሁን። ሌላውን ሳይቀሰቅሱ ከኮክፒት መውጣት የለም። ከኋላ በኩል ቆሞ ሽንት መሽናትም የለም፤ ይህ ያሳፍራል ተብሎ ሳይነገር የሚታለፍ ነገር ስለሆነ ነው ያነሳሁት።

«ካታማራን ላይ የባሕር ሕመም የለም»

አለ። ከባለ አንድ ቀፎ ጀልባ የተለየ ነው እንጂ አለ። እንቅስቃሴዋ አጭርና ተደጋጋሚ ነው፤ በተጨማሪም ሞገድ ከመድረኩ ሥር እየመታ የሚያሰማው ድብደባ ጀማሪን ጀልባዋ የምትሰበር እስኪመስለው ያስደነግጣል። ድምፁ በራሱ የአደጋ ምልክት አይደለም፤ ፍጥነት መቀነስ ወይም አቅጣጫን ጥቂት መቀየር ያለዝበዋል።

የሕመሙ ክፉ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት ናቸው፤ ስለዚህ የአንድ ሌሊት ጉዞ ሙሉ በሙሉ በክፉው ጊዜ ውስጥ ያልቃል። መድኃኒት የሚወሰደው ማቅለሽለሽ ከጀመረ በኋላ ሳይሆን ከመነሳት በፊት ነው። አንዳንዱ ክፉኛ ስለሚያስተኛ አስቀድሞ በየብስ ላይ መሞከር፣ ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ሐኪም ማማከር ይኖርበታል። የሌሊቱ ምግብ ቀን ተዘጋጅቶ ይቀመጥ። አንዳቸው ከታመሙ ሌላው ሌሊቱን ሙሉ ብቻውን እንደሚይዝ አውቆ መነሳት ያስፈልጋል፤ ይህን መሸከም የማይቻል ከመሰለ ጉዞውን ለተሻለ ቀን ማቆየት አያሳፍርም።

«ዳርቻውን ተጠግቶ መሄድ ይሻላል»

መሬት ማየት ልብን ያረጋጋል፤ ጀልባን የሚሰብረው ግን መሬት ነው። ዓለቱ፣ ጥልቀት የሌለው ውኃ፣ የዓሣ አጥማጆች መረብና መብራት የሌላቸው ትንንሽ ጀልባዎች ያሉት ዳርቻው አካባቢ ነው። ነፋሱ ወደ መሬት የሚገፋ ከሆነና ሞተሩ እምቢ ካለ ወይም ገመድ ከተጠመጠመበት፣ የመፍትሔ ጊዜን የሚሰጠው ከዳርቻው ያለው ርቀት ብቻ ነው። ውሃው የተከፈተ ሲሆን ግራ የገባው ሰው ሸራውን አውርዶ ማሰብ ይችላል።

«ባለ ሸራ ሁልጊዜ ቅድሚያ አለው፤ ደግሞም መርከቦቹ ያዩናል»

በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣው የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ዓለም አቀፍ ደንብ ባለ ሞተር መርከብ ለባለ ሸራ መንገድ እንዲለቅ ያዛል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ባለ ሸራም ዓሣ በማጥመድ ላይ ላለ፣ መንቀሳቀስ ለተገደበበትና መቆጣጠር ለተሳነው መርከብ መልቀቅ አለበት። ከኋላ መጥቶ የሚቀድም ሁሉ፣ በሸራም ይሁን በሞተር፣ ከሚቀደመው የሚርቀው እርሱ ነው። ሞተሩ ጀልባዋን እየገፋ ከሆነ ደግሞ ሸራው ቢዘረጋም ጀልባዋ ባለ ሞተር ትባላለች፤ መብራቷም ይቀየራል።

ስለ መታየት ቁጥሮቹን እንመልከት። ደንቡ 50 ሜትርና ከዚያ በላይ ርዝመት ያለው መርከብ የምሰሶ መብራቱ ቢያንስ ከ6 የባሕር ማይል እንዲታይ ይጠይቃል። ከ12 ሜትር በላይ ለሆነች ካታማራን የጎን መብራት የሚጠይቀው ግን 2 የባሕር ማይል ነው። በ20 ኖት የሚመጣ መርከብና በ7 ኖት የምትሄድ ጀልባ ፊት ለፊት ቢገናኙ፣ እናንተ ካያችሁት ጊዜ አንስቶ 13 ደቂቃ ያህል አላችሁ፤ እርሱ ግን መብራታችሁን ካየ በኋላ የሚቀረው ከአራት ደቂቃ ተኩል በታች ነው። ስለዚህ አድማሱን ዙሪያውን መቃኘት በየ10 ደቂቃው የሚደረግ ሥራ ነው፤ ከኋላም ጭምር።

የሌላው መብራት ቀይ ከሆነ የምታዩት ግራ ጎኑን ነው፤ አረንጓዴ ከሆነ ቀኙን። ሁለቱም አንድ ላይ ከታዩ ወደ እናንተ እየመጣ ነው። አቅጣጫው በኮምፓስ ሲለካ ሳይለወጥ እየቀረበ ከሄደ መንገዳችሁ ይገናኛል። ኤአይኤስ የተባለው የመርከብ መለያ መሣሪያ ትልቅ ረዳት ነው፤ ብዙ ትንንሽ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎች ግን አይዙትም። ስክሪኑ ባዶ ነው ማለት ባሕሩ ባዶ ነው ማለት አይደለም።

«ብዙ መብራት ብናበራ ይሻላል»

በተቃራኒው ነው። ዓይን ጨለማን በሚገባ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንድ ነጭ መብራት በቅጽበት ያፈርሰዋል። ጀልባዋን ለሌሎች የሚያሳዩት የጉዞ መብራቶች ይብሩ፣ የቀረው ደብዛዛ ቀይ ይሁን፣ የስክሪኖች ብርሃን እስከ ታች ይቀነስ።

«ቶሎ ከደረስን በሌሊትም ቢሆን እንገባለን»

የማይታወቅ ወደብ በሌሊት አይገባም። የከተማ መብራት የመግቢያ መብራቶቹን ይውጣቸዋል፣ ርቀት ያሳስታል፣ ሰዎቹም ደክመዋል። የካታማራን ችግር ፈጥና መድረሷ ነው። 120 የባሕር ማይልን በ5 ኖት 24 ሰዓት፣ በ8 ኖት 15 ሰዓት ትጨርሰዋለች። ከቀኑ 6 ሰዓት ብትነሳ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ልትደርስ ትችላለች። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆንበት ወቅት ከቀኑ 10 ሰዓት ብትነሳ ግን ፈጣኑ መድረሻ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀርፋፋው በማግስቱ 10 ሰዓት ነው፤ ሁለቱም በብርሃን። ከመጨለሙ በፊትም ሸራ ለማሳጠርና ለመደላደል ሁለት ሰዓት ይተርፋል። እንዲያም ሆኖ ቀድመው ከደረሱ ፍጥነት ቀንሰው ከዳርቻው ርቀው ይጠብቁ።

«ከሁለታችን አንዱ ካወቀ ይበቃል»

በብዙ ጥንዶች ዘንድ አንዱ ኮርስ ወስዷል፣ ሌላው አብሮ ይጓዛል። ከላይ የተባለውን ላሰበ ሰው ይህ አያስኬድም፤ ባሕር ውስጥ የሚወድቀው ወይም የሚታመመው የሚያውቀው ሰው ሊሆን ይችላልና። ሌላው ብቻውን ሆኖ አውቶፓይለቱን ማጥፋት፣ ሸራ ማውረድ፣ ሞተር ማስነሳትና የወደቀ ሰው ያለበትን ቦታ በጂፒኤስ መመዝገብ መቻል አለበት። የእጅ ስልክ ከዳርቻ ጥቂት የባሕር ማይል ሲራቅ ኔትወርኩ ስለሚጠፋ የአደጋ ጊዜ መሣሪያ አይደለም፤ ለአደጋ የሚጠራው በቪኤችኤፍ ሬዲዮ በቻናል 16 ሲሆን፣ በሬዲዮው ላይ ያለው ሽፋን ያለው ቀይ ቁልፍ ተከፍቶ ለጥቂት ሰከንዶች ሲጫኑት የጀልባዋን መለያና፣ ሬዲዮው ከጂፒኤስ ጋር ከተገናኘ፣ ያለችበትን ቦታ ይልካል። ሬዲዮ በማይደርስበት ርቀት በ406 ሜጋ ኸርዝ ለሳተላይት ምልክት የሚልከው የአደጋ ጊዜ መጠቆሚያ አለ። ከመነሻው ቀን በፊት ብዙም ያልተማረው ሰው መሪውን ይያዝ፣ የሚያውቀው ሰው አንዲት ቃል ሳይናገር ይቀመጥ፤ ወደ ውኃ በተጣለ መንሳፈፊያ ላይ ተመልሶ እስኪደርስ ድረስ ይህ ልምምድ ይደጋገም።