«የኦሎምፒክ ደረጃ» ገንዳ ሲባል ምን ማለት ነው?

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ስለ ሕዝብ መዋኛና መዝናኛ ማዕከል ወሬ ሲነሳ «የኦሎምፒክ ደረጃ ገንዳ ይኑረው» የሚል አይጠፋም። ብዙዎች ነገሩ 50 ሜትር ርዝመት ብቻ ይመስላቸዋል። ርዝመቱስ ቀላሉ ነው። ስፋቱም 25 ሜትር ሆኖ 2.5 ሜትር ስፋት ያላቸው 10 መስመሮች ይይዛል።

ከባዱ ጥልቀቱ ነው፤ የትም ቦታ ላይ ከ2.5 ሜትር ማነስ የለበትም። በትንሹ ቢሰላ እንኳ ገንዳው 3,125 ሜትር ኩብ፣ ማለትም ከ3.1 ሚሊዮን ሊትር በላይ ውሃ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ውሃ ሳያቋርጥ መጣራት፣ ለውድድር ደግሞ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሞቅ አለበት። በደሴ ብርድ የማሞቂያው ወጪ ቀላል አይሆንም፤ ኮምቦልቻ ወረድ ስለምትል ትንሽ ይሻላታል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ልጆቹ ናቸው። በእንዲህ ያለ ገንዳ ዋና የሚለማመድ ልጅ እግሩን የሚያሳርፍበት ወለል አያገኝም። ስለዚህ ለከተሞቻችን የምመርጠው ባለ 25 ሜትር ገንዳና ከእሱ የተለየ፣ ጥልቀቱ ከልጅ ወገብ የማያልፍ የመለማመጃ ገንዳ ነው። የሁለቱ ማጣሪያም ለየብቻ ይሁን፤ የሕፃናቱ ውሃ ቶሎ ይቆሽሻል።