የቴስታታ ጋርኒሲዮን ተቃጠለ ሲባል ምን ማለት ነው?

መኪናው ሞቀ። ውሃ ጨረሰ። ከኋላ ነጭ ጭስ ታየ። ጋራዥ ሲገባ የሚሰጠው ፍርድ ብዙ ጊዜ ያው ነው፦ «ጋርኒሲዮን ተቃጥሏል፣ ቴስታታ ይውረድ።» ሊሆን ይችላል። ግን ሞተር ከመከፈቱ በፊት ማረጋገጫ መጠየቅ የባለመኪናው መብት ነው። ማረጋገጫው ደግሞ ሞተር ከማስከፈት ጋር ሲተያይ ወጪው ከቁጥር አይገባም።

ሞተር በሁለት ትልልቅ ክፍሎች የተሠራ ነው። ታች ፒስተኖቹ ሲሊንደር በሚባሉ ክብ ቀዳዳዎች ውስጥ የሚመላለሱበት ብሎክ፣ ላይ ቫልቮቹና ካንዴላዎቹ ያሉበት ቴስታታ። በመሃላቸው ተጣብቃ የምትቀመጠው ስስ ማሸጊያ ናት ጋርኒሲዮን የምትባለው። ሥራዋ ከባድ ነው። የሚነደውን ጋዝ፣ ዘይቱንና ውሃውን እንዳይገናኙ ለያይታ ትይዛለች። ስትበላሽ የሚታየው ምልክት የትኛው ከየትኛው ጋር እንደተገናኘ ይወሰናል።

ጋዝ ወደ ውሃው መንገድ ከገባ ራዲያተሩ በግፊት ይወጠራል፣ ውሃ ይተፋል፣ ሞተሩ ይሞቃል። ውሃ ወደ ሲሊንደር ከገባ ነጭ እንፋሎት ሆኖ በማርሚታ፣ ማለትም በጭስ ማውጫው፣ ይወጣል። ውሃና ዘይት ከተቀላቀሉ ዘይቱ ማኪያቶ ይመስላል። ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ሲሊንደሮች መሃል ከተበላች ግን ውሃም አይጎድልም፣ መኪናውም ላይሞቅ ይችላል። ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበት ያጣል። ይሄኛው አሳሳች ነው፤ ካንዴላና ኮይል ሲቀየር ይከርማል።

አሁን ሰው በከንቱ የሚደነግጥባቸውን ምልክቶች እንይ። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ከማርሚታ የሚወጣ ነጭ እንፋሎት ጤነኛ ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል። የሚያሳስበው ከሞቀ በኋላም የማይጠፋው ነው። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ያለች ትንሽ ነጭ አረፋም ብቻዋን ማስረጃ አትሆንም። መኪናው ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ቤት ብቻ የሚል ከሆነ እርጥበቱ ሳይተን እዚያው ይጠራቀማል። የዘይት መለኪያው ዘንግ ተስቦ ዘይቱ ንጹሕ ከሆነ ተረጋጉ።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ልዩ ትኩረት የሚፈልግ ነገር አለ፤ የራዲያተር ክዳን። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚለቀው በር፣ ቴርሞስታት፣ በብዙ መኪኖች የሚከፈተው ደግሞ በ80ዎቹ ዲግሪ ውስጥ ነው። ልዩነቱ ጠባብ ነው። ውሃው እንዳይፈላ ጫና አድርጎ የሚይዘው ክዳኑ ነው። ላስቲኩ የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ጫናውን ካልያዘ፣ ጋርኒሲዮኑ ደህና ሆኖ ሳለ መኪናው የአባይ በረሃን ዳገት ሲወጣ ይፈላል። መጀመሪያ ክዳኑን መቀየር ሞኝነት አይደለም።

ቤት ውስጥ የሚሞከር አንድ ፍተሻ አለ። ጠዋት፣ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ሳለ፣ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ። በሞቀ ሞተር ግን በፍጹም አትንኩት፤ የፈላው ውሃ ፊት ላይ ይረጫል። ውሃውን እስከ አፉ ሙሉና ሞተሩን አስነሱ። መጀመሪያ ትንሽ አረፋ ቢወጣ ተይዞ የቀረ አየር ነው። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ አረፋው ሳያቋርጥ ከተንቦለቦለ፣ ነዳጅ ሲሰጠውም ከባሰ፣ ያ ከሲሊንደር የመጣ ጋዝ ነው። ገና ያልሞቀ ውሃ ፈልቶ ነው ማለት አይቻልም።

ጥርጣሬ ከቀረ ሰማያዊው መመርመሪያ ፈሳሽ አለ። ፈሳሹ ያለበት ቱቦ ራዲያተሩ አፍ ላይ ይቀመጣል። ከውሃው በላይ ያለው አየር በላስቲክ ፓምፕ እየተሳበ በፈሳሹ ውስጥ ያልፋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካለበት ሰማያዊው ወደ ቢጫ ይለወጣል። በዓይን የሚታይ ስለሆነ ክርክር አያስነሳም። ውሃው ራሱ ወደ ቱቦው እንዳይገባ ግን አስቀድሞ ከራዲያተሩ ትንሽ መቀነስ አለበት። ይህ ምርመራ ሁሉንም አይይዝም። በሁለት ሲሊንደሮች መሃል ያለውን የሚያጋልጠው የኮምፕሬሽን ልኬት፣ ማለትም የእያንዳንዱ ሲሊንደር ግፊት መለካት፣ ነው፤ ጎን ለጎን ያሉት ሁለቱ ብቻ ዝቅ ብለው ይገኛሉ። ካንዴላዎቹ ሲፈቱም ተመልከቱ። ሌሎቹ ቡናማ ሆነው አንዱ ታጥቦ የነጻ ከመሰለ፣ ውሃ የሚገባው እዚያ ነው።

የተሰነጠቀ ቴስታታም እነዚህኑ ምልክቶች ይሰጣል። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ የሚለየው ከተከፈተ በኋላ ነው። ስለዚህ ቴስታታው ሲወርድ «ጋርኒሲዮን ቀይሩና ግጠሙ» አትበሉ። ስንጥቅ ይፈተሽ፤ ገጹም በቀጥ ያለ ብረትና በስስ መለኪያ ይለካ። በብዙ ሞተሮች የሚፈቀደው መጉበጥ 0.05 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በዓይን አይታይም። ከጎበጠ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይላጋል። ያሞቀውስ ምንድን ነው? የማይነሳ ቬንትሌተር፣ ዝገት የደፈነው ራዲያተር፣ ተዘግቶ የቀረ ቴርሞስታት ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሳይስተካከሉ አዲሱ ጋርኒሲዮን ቢገባ እሱም ይቃጠላል።