የአፍ ማነቃቂያ ሕክምና ምንድን ነው?

ጡት መጥባት ሦስት ሥራ ነው፤ መሳብ፣ መዋጥና መተንፈስ። ሦስቱን ማቀናጀት የሚጀመረው ከ32 እስከ 34 ሳምንት ባለው የእርግዝና ዕድሜ ገደማ ነው። ጊዜው ሳይደርስ በ28 ሳምንት የተወለደ ሕፃን ስለዚህ ወተቱን የሚያገኘው ጨጓራው ድረስ በሚዘልቅ ቱቦ ነው። በማኅፀን ቢቆይ ኖሮ የሽርት ውኃ እየዋጠ፣ ጣቱን እየጠባ ይለማመድ ነበር። አሁን ግን ወደ አፉ የሚቀርበው ቱቦ፣ ፕላስተርና የአክታ መሳቢያ ነው፤ ከንፈሩ ሲነካ መሸሽ ቢለምድ አይፈረድበትም።

የአፍ ማነቃቂያ ሕክምና ይህን የተቋረጠ ልምምድ ለመመለስ የሚደረግ ነው። ነርሷ ጓንት ባጠለቀ ጣቷ ጉንጩን፣ ከንፈሩን፣ ድዱን፣ ምላሱንና ላንቃውን በተወሰነ ቅደም ተከተል ታነቃቃለች፤ በመጨረሻም ወተት የሌለው የጡጦ ጫፍ ታስጠባዋለች። አሜሪካዊቷ ነርስ ተመራማሪ ብሬንዳ ሌሰን ያዘጋጁት፣ ፒዮሚ የተባለው ዘዴ 8 ደረጃዎች ያሉት ሲሆን የሚወስደው 5 ደቂቃ ብቻ ነው። በርካታ ጥናቶች ሕክምናውን ያገኙ ሕፃናት ሙሉ በሙሉ በአፍ መመገብ ቀድመው እንደሚጀምሩ አሳይተዋል፤ አብዛኞቹ ጥናቶች ግን ጥቂት ሕፃናትን ያካተቱ ናቸው።

እኔን የሚያሳስበኝ የእጁ ነገር ነው። መድኃኒት በሚሊግራም ይለካል፤ የዚህ ሕክምና መጠን ግን የጣት ግፊት፣ አቅጣጫና ቆይታ ነው። የቀኗ ነርስ ጠበቅ አድርጋ በእርጋታ ብትጫን፣ የሌሊቷ ግን ከላይ ከላይ ብትዳስስ ሕፃኑ ያገኘው ሁለት የተለያየ ሕክምና ነው። ለስለስ ያለ መነካካት የተሻለ ቢመስልም ብዙ ጊዜ ይበልጥ የሚያስበረግገው እርሱ ነው። ሥራ ሲበዛ ደግሞ መጀመሪያ የሚዘለለው ይኸው 5 ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ ለውጥ ቢጠፋ ሕክምናው አልሠራም ይሁን አልተሰጠም፣ ማን ይለያል?

አንድ ጊዜ ማሠልጠን አይበቃም። ነርሷ ስትሠራ ሌላ ባለሙያ በደረጃዎቹ ዝርዝር እያመሳከረ ይመለከታታል፤ ከወራት በኋላም ይደገማል፣ እጅ ሳይታወቀው ከሥርዓቱ ይወጣልና።

ወጥነት ግን ማስገደድ አይደለም። የሕፃኑ የልብ ምት ወይም ኦክስጅን ከወረደ፣ የቆዳው ቀለም ከተለወጠ፣ በጭንቀት ጣቶቹን ከበተነ ሕክምናው ይቆማል። መቆሙም ራሱ የሥርዓቱ አካል ነው፤ በስንተኛው ደረጃ ላይ እንደቆመና ለምን እንደቆመ መዝገቡ ላይ ይሰፍራል፣ ተረኛዋ ነርስም ከዚያ ትነሣለች።